አስራ ሦስተኛዋ ፉርጎ

ልጅ ሳለሁ፣ ኸረ ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ፣ ልጅ ሳለሁ ፈረስ በባቡር ተሳፍሮ ቁልቁል ሲወርድ በጆሮዬ አይቻለሁ። አዎ፣ በጆሮዬ! ገለባውን እያኘከ፣ ጭንቅላቱን በፉርጎው ጠርዝ አውጥቶ፣ ነፋስ ጋማውን እየበተነው፣ ልክ ከሶዶ ወደ ተበላ ገበያ እንደሚወርድ ነጋዴ ተዝናንቶ። ያኔ ሶዶ ላይ ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እኛ ልጆቹማ ስሙንም በወጉ አናውቀውም። ፈረሱን ግን አይተነዋል። እየሳቅን መሬት ላይ ተንከባልለናል። ታዲያ የፈረሱ ነገር መግቢያው ነው። ዋናው ወደ ኋላ አለ፤ እሱ ጋ ስደርስ እኔም እንደዚህ አልስቅም።

ወሬውን የሚያወሩልን አዋ ሻንካ ነበሩ። አባቴን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ስለሆነ ልጆቹ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። አናጢ ነበሩ። በርና መስኮት፣ የጸሎት ቤት አግዳሚ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ሳጥን፣ ሁሉም ከእሳቸው እጅ ነበር የሚወጣው። የሚሠሩባት ዳስ ከቤታችን የሚለያት እንሰቱ ብቻ ነው፤ የመላጊያው ድምፅ ሲቆም ሥራ እንዳበቁ እናውቃለን።

ከእኛ በላይ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ውሃ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። እንግሊዝ ስንለው ፊቱ ይቀላል። «እንግሊዝ አይደለሁም! ዌልስ ነኝ!» ይላል። አዋ ሻንካ ይሄን ሲሰሙ ወደዱት። «ተዉት፣ እኛንስ ሰው በጎረቤታችን ስም ሲጠራን ደስ ይለናል እንዴ?» አሉ። ይህ ሰው በግቢው፣ በሙዙና በጽጌረዳው መሀል፣ ትንሽ ባቡር ሊያስኬድ ተነሳ። ሞተሯን፣ ሐዲዱን፣ የብረት ጎማዎቹንም ከአገሩ አስመጥቷል፤ ፉርጎ ግን የለውም። በአገሩ ተራራ ላይ በጠባብ ሐዲድ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያወርዱ ፉርጎዎች አሉ። እነሱን አስመስለው፣ አሳንሰው፣ አስራ ሁለት እንዲሠሩለት አዋ ሻንካን ለመናቸው። ለማሳያ የሰጣቸው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው።

ልኩን ሲያስረዳ፣ የእውነተኛው ፉርጎ አንድ ጫማ ርዝመት እዚህ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን አለና ምልክት ያለባት ቀጭን ዘንግ ሰጣቸው። አዋ ሻንካ አመስግነው ተቀበሉ፣ ዘንጓን ግድግዳው ላይ ሰቀሏት፣ ከዚያ በገዛ ጥፍራቸው ለኩ! የእሳቸው ጥፍር ደግሞ ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲያርፍበት የኖረ፣ እንደ ማንኪያ የሰፋ። የመጀመሪያዋ ፉርጎ ሐዲዱ ላይ ስትወጣ የደረሰች ላም መሰለች። በዚያ ላይ ክዳን ገጥመውላታል።

«ክዳኑ ለምንድነው?» አለ ፈረንጁ።

«ድንጋዩን ዝናብ እንዳይመታው ነዋ።»

«ድንጋዩ እኮ የቤት ጣራ ነው የሚሆነው!»

አዋ ሻንካ ፎቶውን አዩ፣ ፈረንጁን አዩ። «ጣራ ላይ ድንጋይ? ከሥሩ የሚተኛ ሰው የለም እንዴ?»

ፈረንጁ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ግን በዘንጓ ለኩ፤ ክዳኑም ቀረ። የፉርጎዋን ጎን እንደ ዶሮ ቆጥ ፍርግርግ አደረጉት። እያንዳንዷን የፍርግርግ ዘንግ ከዝግባ ትርፍራፊ ላጉ፣ ከክብሪት እንጨት እስክትቀጥን። ምስማር ስለሚሰነጥቃት በኮላ ብቻ ነው የሚያጣብቋት። ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ቆረጡ፤ ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያዝበትን መንጠቆ ደግሞ በሁለት ጣታቸው አጠፉት። እነዚያ ወፍራም ጣቶች እንዲያ ቀጭን ነገር ሲሠሩ ማየት ራሱ ተአምር ነበር።

ወሬው የሚወራው ኮላው ሲሞቅ ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሰጋቱራው ላይ እግራችንን አጥፈን እንቀመጥ ነበር፤ የኮላው ጣሳ ፍሙ ላይ ተጥዶ ቀስ እያለ ይንተከተካል፣ የቆዳና የአጥንት ሽታው ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ዓይናችንን ያቃጥላል፣ ፋኖሱ ገና በደንብ ስላልበራ የአዋ ሻንካ ፊት ከታች በፍሙ ብቻ ነው የሚቀላው፣ ያኔ ከቤት ጥሪ ቢመጣ እንኳ ማንም የሚነሳ አልነበረም።

ፈረንጁ በተሰባበረ አማርኛ የነገራቸውን በወላይትኛ መልሰው ያወሩልናል፤ ሲያወሩት ግን ያ የሩቅ ተራራ ዳሞታ ይሆናል፣ ሐዲዱም ወደ ሁምቦ ቆላ ይወርዳል። ፉርጎዎቹ ድንጋይ ተሞልተው ከጫፍ ይለቀቃሉ። ሞተር የለ፣ የሚጎትት የለ፤ በገዛ ክብደታቸው ነው ቁልቁል የሚንደረደሩት። ከኋላ ፍሬን የሚይዝ ሰው አለ። ፈረሶቹ ደግሞ ባዶውን ፉርጎ መልሰው ሽቅብ የሚጎትቱት እነሱ ስለሆኑ፣ ሲወርዱ ተሳፋሪ ናቸው። «ፈረሱ ቲኬት ቆርጧል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ አዋ ሻንካ ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ኮላው ገነፈለ።

አንድ ምሽት ግን ሳቃችን ሳያልቅ ቀጠሉ። ድምፃቸው ወረደ።

«ፍሬን ያዡ አንዲት ልጅ ነበረችው» አሉ። «ያኔ ፉርጎዎቹ አስራ ሦስት ነበሩ። አንድ ቀን ልጅቷ ሳትነግረው ከመጨረሻዋ ፉርጎ ውስጥ ተቀመጠች። መታጠፊያው ላይ ፉርጎዋ ተነጠለች። ፈለጉ፣ ገደሉን ሁሉ ፈለጉ፤ ፉርጎዋም የለች፣ ልጅቷም የለች። ከዚያ ወዲህ ከላይ አስራ ሁለት ቆጥረው ይለቃሉ፣ ታች ሲደርስ አስራ ሦስት ነው።»

«ያቺን ፉርጎ ያየ ሰውስ ምን ይሆናል?» አልኩ።

አዋ ሻንካ ኮላውን አማሰሉ። «ብቻዋን መሄድ አትወድም» አሉ። «ከሚያያት ሰው ቤት አንዱን ይዛ ትሄዳለች።»

ማንም አልሳቀም። እኔ በእንሰቱ መሀል ወደ ቤቴ ስሮጥ ቅጠሉ ሲንኳኳ ጎማ መስሎኝ ጆሮዬን ደፈንኩ።

ለምን እንደዚያ እንደፈራሁ ልንገራችሁ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት የወለደችው ልጅ ሲያለቅስ እንኳን አልሰማነውም፤ እሷም ለትንሽ ነው የተረፈችው። ሴቶቹ እኔ የማልሰማ መስሏቸው ይንሾካሾካሉ፤ «ይሄኛውን ካለፈች…» ይሉና ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱትም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እኔ ግን በሆዴ ጨርሼዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አዋ ሻንካ እንጨት ሊመርጡ ተበላ ገበያ ወረዱ። እናቴን ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተውታል፤ ውሃ የሚሞቅበት እሳት ስለጠፋ አንዷ የተሰበረ ገል አስጨበጠችኝና «ሩጪ፣ ከአዋ ዳስ ፍም አምጪ» አለችኝ። አዋ ሻንካ ሁልጊዜ ፍሙን በአመድ ሸፍነው ነው የሚሄዱት።

ዳሱ ውስጥ ማንም የለም። ያለቁት ፉርጎዎች ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል፣ ተያይዘዋል። እንዲሁ ቆጠርኳቸው፤ ልጅ ነኝ፣ እቆጥራለሁ። አስራ ሦስት።

ደግሜ ቆጠርኩ፣ እያንዳንዷን በጣቴ እየነካሁ። አስራ ሦስት። የመጨረሻዋ እንደሌሎቹ አይደለችም። ጎማዋ ብረት ሳይሆን እንጨት ነው። ጎኗ ፍርግርግ አይደለም፣ ልሙጥ ነው። ውስጧ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ አንዲት ሚጢጢ አግዳሚ አለች፤ ለአንድ ሰው መቀመጫ።

ከቤታችን እናቴ ስትጮህ ሰማኋት።

ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ። ፉርጎዋን ከመንጠቆዋ ፈልቅቄ፣ አመዱን በእጄ ገልጬ፣ ፍሙ ውስጥ ጨመርኳት። እምቢ አለች። ተንበርክኬ እፍ አልኩ፣ እንባዬና ንፍጤ እየወረደ እፍ አልኩ፣ እስክትያያዝ። አግዳሚዋ ቀድማ ነደደች። ፍም ስትሆን፣ ያንኑ ፍም በገሉ ዝቄ ወደ ቤት ሮጥኩ። ፀሐይ ሳትገባ ወንድሜ ተወለደ። እንዴት እንደጮኸ! እናቴም ደህና ናት። ሕፃኑ የታጠበበት ውሃ በዚያ ፍም ነው የሞቀው።

በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ ወደ ዳሱ ሄድኩ። አዋ ሻንካ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራውን በእጃቸው ይበትኑ ነበር።

«አዋ፣ አይፈልጉ!» አልኳቸው። «አስራ ሦስተኛዋን አቃጥያታለሁ። እናቴን ልትወስድ መጥታ ነበር፣ እኔ ቀደምኳት!»

እንደተንበረከኩ ቀሩ። ሚስታቸው አዮ ዳንጌ ድምፄን ሰምታ መጣች፤ አዋ ሻንካ እስከዚያ ቀን የደበቋትን በጥቂት ቃል ነገሯት፤ እሷም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና በሩ ላይ ተቀመጠች። የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ከመወለዴ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ የወሰዳት። ሳጥኗን አዋ ሻንካ ራሳቸው ሠሩት፤ ሌላ አናጢ እንዲነካው አልፈቀዱም። በእኛ ሰፈር ከሬሳ ሳጥን የተረፈ እንጨት ቤት አይገባም፤ ቁራጩ ሁሉ ከአፈሩ ጋር ጉድጓድ ይወርዳል። እሳቸው ግን አንድ ክንድ የምትሆን ጣውላ ጣራው ሥር ሸሽገው፣ ስንት ዓመት፣ ለሚስታቸው እንኳን ሳይነግሩ አኖሩ። ከዚያች ጣውላ ነው ፉርጎዋን የሠሩት። ነገ ከነገ ወዲያ ፈረንጁ ባቡሩን ሲያስነሳ ከኋላ ቀጥለው አንድ ዙር፣ አንድ ዙር ብቻ፣ በጽጌረዳው መሀል ሊያስኬዷት።

«የፈረንጁ ወሬ እኮ የፈረስ ብቻ ነው» አለች አዮ ዳንጌ። «እዚሁ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ልጅ የምትባል የለችበትም።»

ባቡሩ የተመረቀ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ፈረንጁ ግቢ ነበር። አስራ ሁለት ፉርጎ እየተንገጫገጨ ሲዞር ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ፤ አዋ ሻንካ አልመጡም። በኋላ ፈረንጁ ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም በሳጥን አሽጎ ሄደ። አዋ ሻንካ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ፈረሶቹ ሲያወሩልን ኖሩ፤ የልጅቷን ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ወንድሜ ዛሬ ጉኑኖ ከተማ መምህር ነው፤ ከእኔ የባሰ ሳቂታ። በቀደም የእሱ ልጆች ያንን የሩቅ አገር ባቡር በስልክ አሳዩኝ። ለካ ፈረሶቹ እውነት ነበሩ! ሥዕላቸው አለ፣ እየበሉ ሲወርዱ። ሳቄ ጎረቤት ጠራ። ልጆቹ «አክስቴ፣ ይበቃሻል» አሉኝ። ቀጥሎ ግን የድንጋይ ፉርጎዎቹ በስልኩ መስታወት ላይ ማለፍ ጀመሩ፤ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም፣ ከንፈሬ በራሱ ይቆጥር ነበር። እንዲህ ነው የሆንኩት። ልጆች ከባጃጅ ሲወርዱ እቆጥራለሁ፣ ገበታ ላይ እጅ እቆጥራለሁ፤ አንዳንዴ አንድ ይተርፈኛል፣ ማን እንደሆነች አውቃለሁና ትንሽ ጠጋ እልላታለሁ። ትጣላኛለች ብዬ አልፈራም። የምፈራው ያቺን አንድ ዙር ነው፣ በእኔ እጅ ሳትዞር የቀረችውን።

አዋ ሻንካ ያን ዕለት አልጮኹብኝም፣ አልመቱኝም። አዮ ዳንጌ ነግራኝ ስትጨርስ ከመሬት ተነሱ፣ ልብሳቸው ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ እንኳን አላራገፉም፤ ወደ እኔ መጡና ቀኝ እጄን ይዘው ገለበጡት፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው መዳፌን አዩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ፣

«ፍሙ አላቃጠለሽም፣ ልጄ?» አሉኝ።