የሮይስ ጥርስና የጠዋቷ ስልክ

ዶሪን ስታምፐር በማንቲካ ከተማ ባለ የአዛውንት መንደር ውስጥ ቃሏ መሬት ጠብ የማይል ሴት ነበረች። የመንደሩ ቤቶች በመኪና ተጎትተው ሲመጡ ጎማ ነበራቸው፤ ከተተከሉ ወዲህ ግን አንዱም ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሰዎቹም እንደ ቤቶቹ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ይመጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚወጡት በአምቡላንስ ነው፤ በመሃል ያለውን ጊዜ በቢንጎ፣ በሐሜትና በአጥር ጠብ ያሳልፉታል።

ጥቅምት ሲጋመስ ግን ቢንጎውም ይረሳል፤ የመድን ወቅት ይገባል። መንግሥት ለአዛውንት የሚሰጠውን የሜዲኬር መድን በየትኛው የግል ኩባንያ በኩል እንደሚወስዱ ሰዎች የሚመርጡት በዚያን ሰሞን ነው። ቴሌቪዥኑ ያረጁ የኳስ ተጫዋቾችን እያወጣ «አሁኑኑ ይደውሉ» ይላል። የፖስታ ሳጥኑ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይታፈናል፤ ስልኩ ሰው ራት ሲቀርብ ይጮኻል። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ ያላያቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ጤናቸው ይጨነቅላቸዋል።

ዶሪን ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ነበረች። የትኛው ሹፌር የትኛውን ልጅ ከየትኛው ጥግ እንደሚያነሳ ስትወስን ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ የምትወስንለት ሰው አጣች። ስለዚህ ጎረቤቶቿን ታሰማራ ጀመር። በመድን ወቅት ረቡዕ ረቡዕ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጣለች። ሰዎቹ የሙዝ ዳቦ ጋግረው ይመጡና የተላከላቸውን ወረቀት ሁሉ ፊቷ ይዘረግፉታል። እሷም ጥርሱን፣ መነጽሩን፣ የጆሮ መስሚያ መሣሪያውን፣ የስፖርት ቤቱን እያየች ለእያንዳንዱ መድን ነጥብ ትሰጣለች። «አንቺ ከዚህኛው ውጪ፣ አንተ እዚያኛው ግባ» ትላለች፤ እነሱም ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበረች። ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ራሱን መጠርጠር ይረሳል።

እሷና ባሏ ሮይስ ራሳቸው ግን መድን ቀይረው አያውቁም። የእነሱን መድን የአገሩ ሰው «ግቢው» ነው የሚለው። መድኑም፣ ሐኪሙም፣ ላቦራቶሪውም፣ ራጁም፣ መድኃኒት ቤቱም የአንድ ድርጅት ናቸው፤ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። መድኑን የያዘ ሁሉንም ያገኛል፣ መድኑን የለቀቀ ሁሉንም ያጣል፤ የግቢው ሐኪም የውጪ ሰው አያይም። ዶሪን ይህን ለስንት ጎረቤት ስታስረዳ ኖራለች።

ሮይስ ልቡ ደካማ ነው። ልብ ሲደክም ውሃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይህም ቀድሞ የሚታወቀው በክብደት ነው። ስለዚህ ግቢው አንድ ሚዛን ሰጥቶታል። ጠዋት ከአልጋው ወርዶ በውስጥ ሱሪ ሲቆምበት ቁጥሩ በራሱ ወደ ግቢው ይሄዳል። ቁጥሩ ባንድ ሌሊት ከፍ ካለ ቡናውን ሳይጨርስ ስልክ ይደወላል። የምትደውለው ማሪቪክ የምትባል የግቢው ነርስ ናት።

«ሚስተር ስታምፐር፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?»

«ሾርባ ብቻ።»

«ከቆርቆሮ የወጣ ሾርባ?»

ሮይስ ቡናውን ፉት ይላል።

«ስንት ቆርቆሮ?»

ለፓስተሩ ያልተናዘዘውን ለእሷ ይናዘዛል። እሷም ጨዋማ ነገር እንዳይነካ ገስጻው፣ የሽንት ኪኒኑን ለዛሬ እጥፍ አድርግ ብላው፣ ነገ እንደምትደውል አስጠንቅቃ ትዘጋለች። በማግሥቱ ውሃው ጎድሎ ይገኛል። ሮይስ እንዲህ እየተሰደበ ስንት ዓመት ቆየ።

ዶሪን ያን ስልክ አትወደውም ነበር፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ። ባሏ ለነርሷ እንደሚስቀው ለእሷ ከሳቀ ቆይቷል። ደግሞ «ምን በሉ» የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሷው ማድቤት ላይ ነው።

ያን ዓመት የሮይስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሰበረ። ግቢው ለጥርስ የሚሰጠው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሮይስ ድንች እየተፈጨለት ይበላ ጀመር። በጋው ሲያልቅ ጎረቤታቸው ሎርና ፋጉንደስ በአያቶቿ ደንብ የፖርቱጋል ቋሊማ በከሰል ጠብሳ መንደሩን ጠራች። ሮይስ አንዱን ጉራጅ አፉ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ሲያንከባልለው ቆየ። በኋላም ያየው ሰው የሌለ መስሎት በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ዶሪን ግን አየችው። በወጣትነቱ አጥንት ሳይቀር ያደቅ የነበረ ሰውዬ እንደ ሌባ ሲሸማቀቅ ስታይ፣ የመጣው ይምጣ፣ ሮይስ ጥርስ ያገኛል ብላ ቆረጠች።

የመድን ሻጮች ሰው የሚሰበስቡት ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለው የፓንኬክ ቤት ነው። ሕጉ ምሳ እንዲጋብዙ አይፈቅድላቸውም፤ ኬክ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ አዛውንቱ በኬክ ይጠራሉ፤ በኬክም ይመጣሉ። ኬንደል የሚባለውን ሻጭ ዶሪን እንደ አቃቤ ሕግ አፋጠጠችው። ጥርሱ ሙሉ ነው ወይስ መንቀል ብቻ? ሙሉ ነው። የልብ ሐኪም አላችሁ? ስቶክተን ከተማ የታወቁ አሉን። የሮይስ መድኃኒቶችስ? አንድ በአንድ አሳያት። ሰውዬውን መርገም ቀላል ነበር፤ ግን የተጠየቀውን ሁሉ ሳይዋሽ መለሰ። ዶሪን ያልጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ማን ይደውላል?

እንዴትስ ትጠይቅ? የግቢው ራሱ መጽሔት ላይ ስለዚያ ስልክ አንዲት መስመር አልነበረም። ግቢው ፈገግ ያሉ ሽማግሌዎች በብስክሌት ሲሄዱ ያሳትማል፣ የስፖርት ቤቱን ያሳትማል። ሮይስን በሕይወት ያቆየውን ነገር ግን ማሳተም አልታየውም። ያልታተመ ነገር ደግሞ ከዶሪን ነጥብ አያገኝም። ግቢው ተሸነፈ፣ በሰፊው ተሸነፈ።

ማታ ለሮይስ ነገረችው። ሮይስ የተፈጨ ድንቹን እያገላበጠ ሰማት።

«ማሪቪክስ?» አለ።

«ማሪቪክ ምን ሆነች?»

«ማን ይደውልልኛል ብዬ ነው።»

«ስልክ ያላት ነርስ እሷ ብቻ ናት እንዴ?»

ሮይስ ቀና ብሎ አያትና «እሺ አለቃ፣ አንቺ ካልሽ» አለ። አለቃ ብሎ የሚጠራት ከስምሪት ክፍሉ ዘመን ጀምሮ ነው። ተሸንፎ ሲስቅም፣ ተሸንፎ ሲያዝንም ቃሉ ያው ነው። ያን ማታ የትኛው እንደነበር ዶሪን አላጣራችም። አለቃዋ ከወጣች በኋላ ማን ይቀራል? ሎርናና ሌሎችም ጥርስ ያማራቸው ሁሉ ተከትለዋት ከግቢው ወጡ።

ጥር ሲገባ ግቢው ሚዛኑን መልሱ አለ፤ ንብረቱ ነዋ። ግቢው የላከው ሰው ሚዛኑን በሳጥን አድርጎ ሊወስድ ሲመጣ ሮይስ በውስጥ ሱሪው ላይ ካፖርት ደርቦ በር ላይ ቆሞ አየው። መኪናው ጥጉን እስኪታጠፍ አልገባም።

ጥርሱ የመጣው ወሩ ሳያልቅ ነው፤ ነጭና ደልደል ያለ ጥርስ። ሮይስ ከዕድሜው አሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ። ማንቲካ ዙሪያዋ የአልሞንድ እርሻ ነው፤ ሮይስ በጨው የተጠበሰ አልሞንድ በከረጢት እየገዛ ይቆረጥም ጀመር። «አለቃ፣ ስሚ» ይላትና ቀጭ ያደርገዋል። ከዚያ የደረቀ የበሬ ሥጋ፣ ከዚያ የሎርና ቋሊማ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ዶሪን ራሷ በማር የምትጋግረው የአሳማ ጭን ተከተለ። ከአፉ ወደ ኪሱ የሚሄድ ነገር ቀረ። ዶሪን እሱ ሲበላ እያየች እሷ መብላት ትረሳ ነበር፤ በዕድሜዋ በሠራችው ነገር እንዲህ ኮርታ አታውቅም። የበላው ሁሉ ጨው ነበር።

በየካቲት ጫማው አልገባ አለው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ሳሎን ባለው ተዘርጊ ወንበር ላይ ማደር ጀመረ። ዶሪን ከሱቅ ሚዛን ገዝታ አመጣች። ሮይስ ጠዋት ጠዋት ይቆምበትና «ያው ነው» ይላታል። ያው አልነበረም። ሰውዬው ጥርሱን ዳግመኛ ያገኘ ሰው ነው፤ እውነቱን ቢናገር አልሞንዱን እንደሚነጥቁት ያውቃል። አንድ ቀን ዶሪን ሳታስበው ከኋላው መጥታ ቁጥሩን አየችው፤ እጅግ ጨምሯል።

ወደ አዲሱ መድን ደወለች። አዎ፣ ልባቸው ለደከመ ሰዎች የሚደውል ነርስ አለን አሏት። ግን መጀመሪያ አዲሱ ሐኪም ማመልከት አለበት፣ ቀጥሎ መድኑ መፍቀድ አለበት፣ ከዚያ ነርሷ ትደውላለች። የስቶክተኑ የልብ ሐኪምም ያለ ፈቃድ አያይም። ፈቃዱ መቼ ይመጣል? እየታየ ነው። ሁሉም ጨዋዎች ነበሩ፤ «ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» ሳይሉ አይዘጉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ሰው። የዶሪን የባሰው የቆጡንም ማውረዷ ነው።

ሕጉ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ አንድ ጊዜ መመለስ ይፈቅዳል። ዶሪን ኩራቷን ውጣ፣ መንደሩ እያየ መኪናዋን አስነስታ ወደ ግቢው ሄደች። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ ደግ ነበረች። ከመጋቢት መባቻ ጀምሮ ተመልሰዋል አለቻት። ዶሪን ነርሷ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብትደውልለትስ ብላ ለመነቻት። ልጅቷ አዘነችላት፤ ግን ከመባቻው በፊት እሱ የግቢው ሰው አይደለም።

ሮይስ ሲሰማ በአዲሱ ጥርሱ ሙሉ ሳቀ። ዶሪን ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ፣ እዚያ ማንም አይከለክለንም አለችው።

«እዚያ አንድ የማያውቀኝ ልጅ ነው የሚያየኝ» አላት እያለከለከ። «የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ማሪቪክ ትሰድበኛለች፣ ኪኒኑን እጥፍ አድርግ ትለኛለች፣ አለቀ።»

ዶሪን ክንዱን ይዛ ልትጎትተው ብድግ አለች። ከዚያ ተወችው። ባለፈው እሷ ወስና ምን እንደመጣ አይታለች፤ እስቲ አሁን እሱ ይወስን አለች። መንደሩን ሁሉ ስታሰማራ የኖረች ሴት፣ ማዘዝ በሚገባት በዚያች ቀን ማዘዝ ፈራች።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ቡናውን ይዛለት መጣች። ሮይስ ወንበሩ ላይ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እጁ ቀዝቅዟል፤ ጥርሱ አፉ ውስጥ ነው። ዶሪን ቡናውን ከአጠገቡ አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ እንደ መንደሩ ልማድ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሁሉም አንዳንድ ሳህን ይዞ መጥቷል፤ በጠረጴዛው መሃል ትልቅ የአሳማ ጭን አለ። ዶሪን ረቡዕ ረቡዕ ከምትቀመጥበት ቦታ ሆና ሲበሉ አየቻቸው። የብዙዎቹ ጥርስ አዲስ ነው፤ እሷው ያሰማራችላቸው ጥርስ ነው። እየመጡ ስለ ሮይስ እያዘኑላት፣ ስለ ጥርሱ ደግሞ ያመሰግኗት ነበር።

«ቢያንስ እንዳማረው አልቀረም፤ በልቶ ነው የሄደው» አለቻት ሎርና እጇን ይዛ። ለማጽናናት ነው፣ ክፋት የላትም። ዶሪን ግን እጇን መነጨቀች፣ ሎርናም ደንግጣ ዞር አለች።

መጋቢት ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት በር ላይ ሳጥን ተቀምጦ አገኘች። ግቢው ሚዛኑን መልሶ ልኮታል። በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው፤ ገና በሩን ሳትዘጋ ስልኩ ጮኸ።

«ሚስተር ስታምፐር!» አለች ማሪቪክ። «ስምዎን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ቁጥርዎ ግን አልደረሰኝም፤ ገና ከመመለስዎ መደበቅ ጀመሩ?»

ዶሪን ሚስቱ መሆኗን ነገረቻት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ጥርሱ፣ ስለ አልሞንዱ፣ ስለ ወንበሩ። የማሪቪክ ድምፅ ተለወጠ፤ ግን የሥራ ነገር ሆኖባት ቁጥሩን ጠየቀች።

«መጨረሻ ላይ ክብደቱ ስንት ነበር?»

«እኔን ያው ነው ይለኝ ነበር» አለች ዶሪን። «እውነቱን የሚነግረው ላንቺ ነበር።»