የኖይ ዳክዬዎች

ዛሬ በሰው አገር መንገደኛ በዊልቸር በምንገፋበት ኤርፖርት ውስጥ የሥራ ባልደረባዬን ባዶ ዊልቸር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።

ኖይ ትባላለች፤ ታይላንዳዊት ናት። ቤተሰቦቿ ሩዝ ያመርታሉ። ማሳው ውስጥ ዳክዬ ይለቃሉ፤ ዳክዬዎቹ ተባዩንና ለጋ አረሙን ይለቅማሉ፣ የተረፈውን ሰው በእጁ ያርማል። መድኃኒት የሚባል ነገር አይረጩም።

(ከሱፐርቫይዘራችን ስም ቀድሜ ያጠናሁት የዳክዬዎቹን ስም ነው።)

ዛሬ ሺፍት ልንጀምር ስንል እናቷ ቪዲዮ ላከችላት። ዳክዬዎቹ ሞተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። ከላይ ባለው ማሳ የተረጨ የአረም መድኃኒት በቦዩ ወርዶ ነው።

ደሜ ፈላ። «እንዲህ ያለውን ጎረቤት መክሰስ ነው እንጂ!» አልኳት።

«ጎረቤት አይደለም፤ የረጨው ወንድሜ ነው» አለችኝ። «ሁላችንም ሄደን እሱ ከእናቴ ጋር ብቻውን ቀረ። ማረም ብዙ እጅ ይፈልጋል። እጃችን ደግሞ ይኸው» ብላ ተነሥታ የዊልቸሩን መግፊያ ጨበጠች።



የእኔም ወንድም ፎገራ፣ የአባታችን ሩዝ ማሳ ላይ ብቻውን ነው ያለው። በቀደም ስንደዋወል «መድኃኒት መርጨት ጀመርኩ» ሲለኝ «ጎበዝ! ተገላገልክ» ብዬው ነበር።

እናንተስ? እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ የቤታችሁን ማሳ ማን ነው የሚያርመው?