በጥርሴ ሰበብ የተተከለው ድንኳን

ባለፈው ሳምንት የግራ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። አፌን አስከፍቶ በትንሿ መስታወት እየጎበኘ፣ «ይቺ ጥርስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታምዎት?» አለኝ። ሰው አፉን ከፍቶ ሳለ መጠየቅ የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ ዐመል መሆን አለበት። መስታወቱን ሲያወጣልኝ፣ «ደሴ ላይ ለቅሶ ካስቀመጠች ጀምሮ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ድምፄን ሲሰማ ደግሞ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እርስዎ ዜና አንባቢዋ አይደሉም እንዴ? እናቴ እኮ እርስዎን ሳታይ አትተኛም ነበር» አለ።

እናቱ ምን ፈልጋ ታየኝ እንደነበር ልጠይቀው አፌን ሳሰናዳ መርፌው ቀደመኝ። ጉንጬ ደንዝዞ ወደ ቤቴ ስመለስ ያን ክረምት ሳስብ ዋልኩ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ጫፉን ይዤ ተርትሬ አልጨረስኩትም።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ቤተሰቦቼ ጴንጤዎች ናቸው፣ አባቴም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ድምፄን ያሟሸሁት እሑድ እሑድ እዚያ መጽሐፍ ሳነብ ነው። በቤታችን መጠጥ የለም፣ መሐላም የለም። የሰፈሩ ልጅ በአባቱም በእናቱም እየማለ ብዩን ሲያስመልስ፣ እኛ «እውነቴን ነው» ብለን ብያችንን ተነጥቀን እንገባ ነበር። ከትምህርት በኋላ ተወዳድሬ አዲስ አበባ ገባሁና ቴሌቪዥን ላይ የማታ ዜና አንባቢ ሆንኩ።

ሰው ዜና አንባቢ ብዙ የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔ የማውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚደርሰኝ ስቱዲዮ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አንዳንዴ አንዱን ገጽ እያነበብኩ ሌላው ገና በታይፕ ሲመታ እሰማለሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው የሚያወራውን ወሬ እንኳ የምሰማው ከሁሉም ኋላ ነበር፤ ገና ስገባ ሁሉም ዝም ይላላ።

እቴቴ ሐዋ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ እኔን ወልዳ በታመመች ጊዜ ከልጃቸው ከሰይድ ጋር አንድ ጡት ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። በእነሱ ሃይማኖት ሰይድ ወንድሜ ነው። በኛም ቤት ማንም አልተቃወመም። ሰይድ ቀልደኛ፣ ሥራ የማይበረክትለት፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበር። በሰሜን በኩል ጦርነቱ ሲጀመር ተመዝግቦ ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ቆመ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ደሴ ስሄድ እቴቴ ሐዋ ያወጡልኝን ጭኮ እየበላሁ አንድ ነገር ነገሩኝ።

«በየማታው ባለ ቴሌቪዥኑ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አይሻለሁ። የምታወሪውን አልሰማም፤ ፊትሽን ነው የማየው» አሉ።

«ፊቴ ምን ይሆንልዎታል፣ እቴቴ?»

«ሰይድ አንድ ነገር ቢሆን አንቺ ሳትሰሚ አትቀሪም። ከሰማሽ ፊትሽ ይነግረኛል። ስትጨርሺ ቀና ብለሽ ፈገግ ትያለሽ አይደል? እሷን አይቼ ገብቼ እተኛለሁ።»

እንደማልሰማ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጭኮውንም ጨመሩልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአገራችን የሩቅ ሰው ሲሞት ወዲያው አይነገርም። የሰማ ሰው ምንም እንዳልሰማ ከባለ ሐዘኑ ጋር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው አንድ ጎሕ ላይ ደጁን እስኪያንኳኩ ድረስ። ስለዚህ ወገኑ የራቀበት ሰው አፍ አያምንም። ዐይን ነው የሚያየው። «አልሰማሁም» ያለውን ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይጠረጥረዋል። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁት፤ በእኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነሐሴ ውስጥ ጥርሴ ተነሣብኝ። በቅርንፉድ ይዤው ስቱዲዮ ገባሁ። የዚያን ዕለት ከግንባር የመጣ ረዥም ዜና ነበር። መካከሉ ላይ ስደርስ ሕመሙ እስከ ዐይኔ ድረስ ወጣና እንባዬ መጣ፤ ድምፄም አንድ ቦታ ላይ ተሰበረ። እንደምንም ጨርሼ፣ ቀና ሳልል፣ ፈገግም ሳልል ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አባቴ ወደ ቢሮ ደወለ። ቤተሰቡ ከፋሲካ በኋላ ለአባቴ የፋብሪካ ሥራ ሲል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ሰይድ ሞቷል እንዴ?»

«ማን አለ?»

«አንቺ ነሽ አሉ እንጂ።»

እቴቴ ሐዋ ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ጮኸው፣ ሰፈሩ ወጥቶ፣ ሲነጋ ድንኳን ተተክሏል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይጠነቀቅ ነበር፤ ደካማ ሰው እንደሚያናግር ሁሉ። ፈቃድ ጠይቄ በሚቀጥለው ቀን ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጥርሴን አሞኝ ነው እላለሁ፣ ድንኳኑ ይነሣል፣ አለቀ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይኸው ነበር። ከሚሴ ላይ በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። በዚያ ጥርስ ማኘክ ስላቃተኝ ከጎኔ ለተቀመጠች ሴት ሰጠኋትና እሷ ስትበላ ሽታውን እየሳብኩ ሄድኩ። አረንጓዴው ማሽላ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ያህል ቆሟል። አገሩ እንዲህ ሲያምር ሰው ይሞታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አባቴ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጉንጬ አብጧል፣ ዐይኔ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አንዴ አየኝና ኮፍያውን አወለቀ።

«ጥርሴን ነው፣ አባዬ» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺ ያለበት መንገድ ደስ አላለኝም።

ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ሙቀቱ እየቀረ፣ ብርዱ እየመጣ፣ ጉሙ መስኮቱን እየሸፈነው ሄደ። ተሳፋሪው ሁሉ ነጠላውን ሲከናነብ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ለኔ ንገሪኝ። እኔ እችለዋለሁ» አለኝ።

ያ ቃሌን ተጠራጥሮ የማያውቅ አባቴ ነው እንዲህ ያለኝ። ውሸታም ተብዬ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታም የተባለ ሰው መከላከያ አለው።

ሆጤ ስንደርስ ልክ ከድንኳኑ ሥር ብቅ ስል ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደገና ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሥራዋን ትታ፣ ፊቷ አብጦ፣ ሳትጠራ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣች ሰው ምን ልትናገር ትመጣለች? መርዶውን ላፈርስ መጥቼ መርዶውን አጸናሁት። ጥርሴን አሞኝ ነው አልኩ። አንዲት የሰፈራችን ሴት እጄን ይዘው፣ «ያማል፣ ጥርስ ያማል ልጄ» አሉና ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ምንም አልሰማሁም አልኩ። «ጎሽ፣ እንዲህ ነው የሰው ልጅ» አሉ አንድ ሽማግሌ። ባስረዳሁ ቁጥር የሚያለቅሰው ሰው በዛ። በመጨረሻ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለምን እንደማለቅስ አላውቅም። ሰምቼ ረስቼው ይሆን ብዬ እስከ መጠራጠር ደርሻለሁ። ካነበብኳቸው ዜናዎች በአንዱ ውስጥ ሰይድ ነበረበት፣ እኔ ነጥብና ሰረዙን ስጠብቅ አልፎኝ ይሆን?

«ዝም በሉ» አሉ እቴቴ ሐዋ ከተቀመጡበት ሰሌን። ሁሉም ዝም አለ። «ነይ ወዲህ።»

ፊታቸው ተንበረከክሁ። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ወላሂ በይኝ።»

«እቴቴ...»

«እንደማትምሉ አውቃለሁ። ስንት ዘመን ተጎራበትን። ዛሬ ግን ያጠባሁሽ ይቆጠርልኝ። ወላሂ በይኝ።»

አባቴን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል። በልጅነቴ ለብይ እንኳ ያልማልኩትን ሰው ሁሉ እያየኝ ማልኩ።

«ወላሂ፣ ስለ ሰይድ የሰማሁት ነገር የለም። ይሙትም ይኑርም አላውቅም።»

እቴቴ ሐዋ አገጬን ለቀቁት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አልሐምዱሊላህ። ልጄ አለ» አሉ። «ድንኳኑን አንሡልኝ።»

«አላውቅም ነው ያልኩት፣ እቴቴ።»

«ሰምቼሻለሁ» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ወጣቶቹ ካስማውን መንቀል ጀመሩ። ለለቀስተኛ የተቀቀለው ንፍሮ ለሰፈሩ ሕፃናት ተሰፈረ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ምን ተገኘ ብሎ ሲጠይቅ፣ «ልጁ በሕይወት አለ፤ የቴሌቪዥኗ ልጅ መጥታ ምላ ነገረቻቸው» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ወሬው ከእኔ አፍ ወጥቶ መንገዱን ሳይሻገር ሌላ ሆነ። ሁለት ሦስት ሰው ይዤ ላቃና ሞከርኩ፤ መረቁኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ግማሽ ላይ አባቴ እንደገና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ያልሽው እውነት ነው» አለ። «የሰሙት ግን እሱን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ አባቴ። ስለ መሐላው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ተመልሼ ካሜራ ፊት ስቀመጥ ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ዜናውን ጨርሼ ፈገግ ካልኩ ሰይድ አለ ማለቴ ነው፣ ካላልኩ ሞቷል ማለቴ ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ስንዴ ምርት ይሁን ስለ ጉባኤ፣ እኔ በውስጤ የማነበው የሆጤን ዜና ነበር። ኃላፊዬ ምነው ፊትሽ ግድግዳ መሰለ አለኝ። ግድግዳ መምሰል ከቻልኩማ ተሳክቶልኛል ብዬ አሰብኩ።

ጦርነቱ ቆመ። ከወራት በኋላ ሰይድ አንድ ቀን ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በራሱ እግር ሆጤ ገባ። ስልኩን የደወለልኝ አባቴ ነበር፤ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። እቴቴ ሐዋ ሰደቃ አወጡ። ስሄድ ቤቱ ሞልቶ እስከ ደጅ ፈሷል። ዱዓው ተደርጎ፣ ሩዝና ሥጋው በትላልቅ ትሪ ቀርቦ፣ የአብሹ መጠጥ ይዞራል። ሰይድ እኔን ሲያይ ለሰው ሁሉ፣ «ቴሌቪዥን ላይ ገደለችኝ፤ በወላሂ አስነሣችኝ» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አላውቅም ነበር ብዬ ያን ደስታ የማበላሽበት አቅም አልነበረኝም።

ወደ ከሰዓት በኋላ እጄን ልታጠብ ጓሮ ስወጣ አንዲት የገጠር ሴት አጥሩን ተደግፈው ቆመው አገኘሁ። ከገራዶ በእግራቸው መጥተው ነው። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነክቶታል።

«ያቺ የቴሌቪዥኗ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«የኔም ልጅ ከነሱ ጋር ነበር የሄደ። አልተመለሰም። ለሐዋ እንደማልሽላት ለኔም ማይልኝ።»

የቤቱ ሳቅ እስከ ጓሮ ይሰማል። እጃቸውን ያዝኩ፤ ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር።

«እናቴ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ወረቀት ነው የማነበው።»

ሴትዮዋ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት፤ ሐኪም የሕመምተኛ ዐይን ገልጦ እንደሚያይ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ።

«ለሐዋም እንዲህ ነበር ያልሻት አሉ» አሉኝ። «አላህ ያክብርሽ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። አካሄዳቸው የቸኮለ ነበር፤ ለቤታቸው ሰዎች የሚነግሩት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ? ከዚህ የበለጠ የሚታመን እውነት ከየት አመጣለሁ?

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዜና አንብቤያለሁ። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ይህን ነገር አናውቀውም የሚል አንድ ዜና ተጽፎ ደርሶኝ አያውቅም። ከራሴ አውጥቼ የተናገርኩት እሱኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው እንደ ብሥራት ተቀበለው። ደሴ ስሄድ አሁንም እናቶች መንገድ ላይ ቆም ብለው ፊቴን ያዩታል። ጡረታ እንደወጣሁ የነገራቸው የለም መሰለኝ። ስለ ገራዶዋ ሴት ጠይቂ ጠይቂ ይለኛል፤ ግን ስማቸውን አልያዝኩም፣ የልጃቸውንም አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ለመናገር መልሱን እፈራዋለሁ።

ልጁ ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን የጻፍኩትን ሰው ቢያነብላቸው ግን፣ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬም ደስ ብሏቸው ገብተው የሚተኙ ይመስለኛል።