የተጎሳቆለ ሕንፃ ይፈለጋል

ስለ አርዴል ትቬተን ልጽፍ ስነሳ አስቀድሜ ማመን ያለብኝ ነገር አለ፤ እኚህን ሴት በደንብ አላውቃቸውም። በደንብ የሚያውቃቸው ሰው ቢገኝ ብዕሩን በደስታ አስረክበው ነበር፤ ግን ኤልስታድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ከንቲባው ጌይለን ራድኬ ከሌላው ይሻላል ይባላል። እሱም ቢሆን "እኔ የማውቀው ሲሸጡት የነበረውን ምስማር እንጂ እሳቸውን አይደለም" ባይ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው እሱ ያየውና የሰማው ነው።

ጌይለን ከንቲባ ነው ሲባል ቢሮና ሹፌር ያለው እንዳይመስል። ከተማዋ ከንቲባ እንዳላት ትዝ የሚላት ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ብቻ ነው፤ በተረፈው ጊዜ ጌይለን የሣር ማጨጃ ሞተር ይጠግናል። ሲጨንቀው ደግሞ ዘይት በነካው እጁ ራሰ በራውን ይዳብሳል። የኤልስታድ ችግር ምን ያህል እንደከበደ ማወቅ የፈለገ ሰው ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልገውም፤ የከንቲባውን አናት ማየት ይበቃዋል። በዚያ ጸደይ አናቱ እንደ ምጣድ ጠቁሮ ነበር።

ችግሩ ወተት ነበር። የከተማዋ የመጨረሻ ሱፐርማርኬት ከተዘጋ ወዲህ ወተትና እንቁላል ለመግዛት ሐይቁን ዞሮ እስከ ሌላ ከተማ መንዳት ግድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በበረዶ መንዳት እየፈሩ አንድ በአንድ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፤ ቤታቸውም ባዶ ቀረ። ጌይለን ሲመረጥ የገባው ቃል "ሱፐርማርኬት አመጣለሁ" የሚል ብቻ ነበር። ካላመጣ እሱ ከንቲባነቱን፣ ኤልስታድም የቀሯትን ሰዎች እንደምታጣ ያውቃል።

ለምኖ ለምኖ አንድ ኩባንያ አገኘ። ኩባንያው እሺ አለ፤ ግን ያረጀው የውሃ ቧንቧ ይቀየርልኝ፣ የመኪና ማቆሚያም ይሠራልኝ አለ። ከተማዋ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። መላውን ያመጣው የከተማዋ ጠበቃ ነው።

"ዋናውን መንገድ የልማት ክልል ብለን እንሰይመዋለን" አለው። "ዛሬ ከዚያ የምንሰበስበው ግብር እንዳለ ይቀጥላል። ሱፐርማርኬቱ ሲሠራ ግን የቦታው ዋጋ ይጨምራል፤ ግብሩም ይጨምራል። ያ ጭማሪ ለጥቂት ዓመታት ሌላ ቦታ ሳይሄድ ለቧንቧውና ለማቆሚያው የተበደርነውን ይከፍላል።"

"ገና ባልተወለደች ላም ወተት ዕዳ ልንከፍል ነው በለኛ።"

"እንዲህ ብለህ ምክር ቤቱ ፊት እንዳትናገር።"

"ታዲያ ምን ቀረን?"

"ባለሙያ መጥታ መንገዱ የተጎሳቆለ መሆኑን አይታ መመስከር አለባት። ደህና ሰፈር ከሆነ ሕጉ አይፈቅድም። ከሕንፃዎቹ ቢያንስ ግማሹ የተበላሸ መሆን አለበት።"

ጌይለን ከት ብሎ ሳቀ። ኤልስታድ የተረፋትን ነገር ስትጠየቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በመንገዱ ላይ ከሁሉ የባሰው የአርዴል ትቬተን ሱቅ ነበር። ባለቤታቸው ሃልቮር ምስማር፣ መዶሻና ቀለም ሲሸጥበት የኖረ ሰፊ ሕንፃ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አርዴል ቆልፈውታል፤ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ በየቀኑ በመስኮት ያዩታል እንጂ አይነኩትም። መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፤ የደጃፉ ደረጃ ተሰብሯል፤ ግድግዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጧል። ያ ሱቅ ከተበላሹት ከተቆጠረ ግማሹ ይሞላል፤ ካልተቆጠረ አይሞላም። ከተሞላ ደግሞ ሱቁ ፈርሶ ሱፐርማርኬቱ የሚቆመው እዚያው ላይ ነው።

ጌይለን ይህን ሊያስረዳ ሄደና ኮፍያውን አውልቆ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ኤልስታድ ውስጥ ዋናውን ጉዳይ ቀድሞ ማንሳት ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ጎመን ስለጨረሱት አጋዘኖች፣ ስለ ቄሱ የታመመ ጉልበት አወሩ።

"ወይዘሮ ትቬተን፣ የመጣሁት እንኳ ስለ ሱቁ ነበር።"

"ኧኸ።"

"ሐሙስ አንዲት አጥኚ ትመጣለች። እና ሱቁ... ያው ትንሽ ደህና አይደለም ብላ ብትጽፍ ለከተማው ጥሩ ነው።"

"ደህና አይደለም?"

"ሕጉ 'የተጎሳቆለ' ነው የሚለው። ከዚያ ፈርሶ ሱፐርማርኬቱ እዚያው ይቆማል።"

አርዴል ወደ ሱቁ አሻግረው አዩ። "ሃልቮር ይህን ቢሰማ መዶሻ ይወረውርብህ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ደግነቱ ኢላማ አይችልም።"

"ምንም እንዲያደርጉ አይደለም የምለምንዎት፤ ምንም እንዳያደርጉ ነው። ባለበት ይቆይልኝ።"

"እንግዳ ትመጣለች ነው የምትለው?"

"አዎ፣ ሐሙስ።"

"ከሩቅ?"

"ከሩቅ።"

"ኧኸ" አሉ አርዴል፤ በሩንም ዘጉ። ጌይለን እፎይ ብሎ ሄደ። ከንግግሩ ሁሉ እንግዳ ከሩቅ መምጣቷን ብቻ ይዘው እንደቀሩ አላስተዋለም። ማግስቱንም የሞተር ዕቃ ሊገዛ ወደ ደቡብ ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት ሲመለስ የተሳሳተ ከተማ የገባ መሰለው። ዋናው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሎሚ የመሰለ ቢጫ ሆኗል። ሃልቮር አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያዘዘው፣ ማንም አልገዛ ብሎ መጋዘን የቀረ ቀለም ነበር፤ አርዴል አውጥተው መጀመሪያ የራሳቸውን ሱቅ ቀቡ፤ የተረፈውን ለጎረቤት አደሉ። መስኮቶቹ መስታወት ገብቶላቸዋል። ደጃፉ ላይ አበባ ተሰቅሏል። ፀጉር አስተካካዩ ሎይድ መሰላል ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ጥግ ይቀባል።

"ሎይድ! ምን እያደረግክ ነው?"

"እንግዳ ይመጣል አላልክም?"

"የምትመጣው ፍርስራሽ ልታይ ነው!"

"ከሩቅ ለመጣ ሰው ፍርስራሽ ያሳዩታል እንዴ? እናትህ ብትሰማ ምን ትላለች? ደግሞ አርዴል በዚያ ዕድሜያቸው ቀብተው እኔ ብተወው በምን ዓይኔ ነው በዚህ መንገድ የማልፈው?"

አጥኚዋ ወይዘሪት ኮቫች ከመኪናዋ እንደወረደች ዙሪያውን አየች። "እንዴት ደስ የሚል መንገድ ነው!" አለች።

ጌይለን ክው አለ። "አይምሰልሽ! ውሸት ነው፣ ገና አልደረቀም" ብሎ ሊያሳያት የሎይድን ግድግዳ በመዳፉ ተደገፈ። መዳፉ ቢጫ ሆነ። ስለጨነቀውም እንደ ልማዱ አናቱን ዳበሰ። ቀጥሎ ወደ አርዴል ሱቅ ወሰዳትና "ይኸው፣ ይህ ደረጃ ተሰብሯል" ብሎ ዘሎ ቆመበት። ደረጃው ንቅንቅ አላለም፤ አዲስ ጣውላ ነው። ደግሞ ዘለለ።

"ጠንካራ ነው" አለች ወይዘሪት ኮቫች።

"በቀደም ተሰብሮ ነበር!"

"ክቡር ከንቲባ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።" አናቱን ላለማየት እየታገለች ነበር።

ይህን ጊዜ አርዴል ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ ተክል የጋገሩትን ጣፋጭ ፓይ ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። "ልጄ፣ ትንሽ ትቀምሻለሽ?"

"እሺ፣ ደስ ይለኛል!"

ሎይድ መሰላሉን ሊለቅ ምንም አልቀረው። ኤልስታድ ውስጥ ፓይ የሚበላው ሁለት ጊዜ እምቢ ከተባለ በኋላ ነው። አርዴል ግን ቆርሰው ሰጧት። ጌይለን በጠንካራው ደረጃ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"አናትህ ላይ ምንድነው?" አሉት።

"የእርስዎ ቀለም ነው።"

"ሃልቮር ለማንም አያምርም ብሎ ነበር።"

ጌይለን መሬት መሬቱን አየ። የከተማውን ወግ ሁሉ ትቶ ያለ ዝናብ፣ ያለ አጋዘን፣ ያለ ጉልበት በቀጥታ ተናገረ። "ወይዘሮ ትቬተን፣ ዛሬ ካልሆነ ኩባንያው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሌላ የሚመጣ የለም። የምችለውን ሁሉ ሞክሬ ጨርሻለሁ፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም።"

አርዴል ሱቁን ከላይ እስከ ታች፣ ቢጫውንም አበባውንም፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ አጥኚዋ ዞሩ።

"ልጄ፣ ጠገብሽ?"

"በጣም፣ አመሰግናለሁ።"

ሳህኑን ተቀበሏት፤ በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ከኪሳቸውም ቁልፍ አወጡ። "እንግዲያው ግቢ። ፊት ለፊቱ ለእንግዳ ነበር። አሁን እንግድነትሽ አብቅቷል፤ ሥራሽን ሥሪ።"

በሩ ሲከፈት ርግቦች በጣሪያው ቀዳዳ ተግተልትለው ወጡ። ወለሉ መሐል ለመሐል ወደ ምድር ቤት ወርዷል። የጓሮው ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል።

"ይህን ግድግዳ ምን ይዞት ነው የቆመው?" አለች ወይዘሪት ኮቫች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግድግዳው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል።

"ልማድ" አሉ አርዴል።

የአጥኚዋ ፊት በራ። "ግሩም ነው! እንዲህ ያለ ብልሽት አይቼ አላውቅም!" እያለች ፎቶ ታነሳ ጀመር። ሎይድ ይህን ሰምቶ ከመሰላሉ እየተንደረደረ ወረደ። "የኔን ጓዳ ሳያዩ እንዳይሄዱ! እንጉዳይ ነው ያበቀለው!" ከጎኑ ያለው የአበባ መሸጫ ባለቤት የሆነችው ሴትም "እንጉዳይ ምን አላት፣ የኔ ኮርኒስ ወርዶ አልጋዬ ላይ ነው" አለች። ጠዋት በቀለም ሲፎካከር የነበረው መንገድ ከሰዓት በኋላ በመበስበስ ተፎካከረ። ግማሹ ሞላ፤ እንዲያውም ተረፈ።

ምክር ቤቱ ክልሉን አጸደቀ። ሱቁ በበጋ ፈረሰ። አፍራሹ ማሽን ከጓሮ ስለጀመረ ቢጫው ፊት ብቻውን እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ዋለ፤ አርዴልም በረንዳቸው ላይ ቆመው አዩት። ማሽኑን ለሚነዳው ሰው ፓይ ላኩለት።

ሱፐርማርኬቱ በተከፈተ ሳምንት ጌይለን አርዴልን ወተቱ ማቀዝቀዣ አጠገብ አገኛቸው። የጥንት መደርደሪያቸው የነበረበት ቦታ አካባቢ ነው። ስለ በረዶው አወሩ። ስለ ቄሱ ሌላኛው ጉልበት አወሩ። ከዚያ ሲከነክነው የከረመው ነገር አመለጠው።

"ወይዘሮ ትቬተን፣ ቀለሙን ሲቀቡ... ሱቁ እንዲተርፍ ብለው ነበር? ወይስ ላይቀር ነው፣ አምሮበት ይሂድ ብለው?"

አርዴል አዩት። አንድ ጠርሙስ ወተት አንስተው ቅርጫታቸው ውስጥ አስቀመጡ፤ የማቀዝቀዣውንም በር በቀስታ ገፍተው ዘጉ።

"ጌይለን" አሉት፣ "ወተቴ ይሞቅብኛል።"