የእትዬ ዘሀራ ጨው

ይህ ትዝታ አንድ ጆንያ ጨው ፈጅቷል፤ ከፋዩ ግን እኔ አልነበርኩም።

ትናንት ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ልብስ ፋብሪካ አዝራር ሳስረክብ፣ ቻይናዊው ተረካቢ ያገሩን አባባል አስተማረኝ፦ «አጥንት ላይ የተቀረጸ፣ ልብ ላይ የተጻፈ።»

«እንደ ዛሬው የምሳ ክትፎ!» አልኩት።

«ለምሳ አይባልም» ብሎ ሳቀብኝ። «እስክትሞት ለማትረሳው ውለታ ነው።»

ወዲያው ዝናብ ጣለ፤ የራሰ አፈር ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ሾላ ገበያ ድንገት ዶፍ ወረደ። የዓመት እንጀራችን የሆነው የእናቴ በርበሬ ሊርስ ሲል፣ አጠገባችን ጨው የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ የራሳቸውን ሸራ ከጨዋቸው ላይ ገፍፈው አለበሱት።

«እትዬ፣ ጨውዎ!» ብላ ጮኸች እናቴ።

«ዝም በይ አንቺ! በርበሬ ከራሰ ይሻግታል። ጨው ቢቀልጥ መሬቱን ያጣፍጣል።»

የቀለጠው ጨው የተላጠ ተረከዜን እየለበለበ ሲያልፍ፣ ቀና ብዬ እሳቸውን አየሁ።

ይህን ለቻይናዊው ልነግረው አስቤ፣ አዝራሩን ብቻ ቆጥሬ አስረከብኩት።

በርበሬው ተሸጠ። ጨዉ አልተተካም።