በነጠላ የተያዘው የሸክላ አጥንት

ወገኖቼ፣ ብዙ ጊዜ ተነሥተው ይመስክሩ ስትሉኝ እምቢ ብያለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር እንዳልሞት ፈርቼ ቆሜአለሁ። ስሙ ይባረክ! አላስረዝምም፤ ታገሡኝ።

የወረታ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ገበሬዎቹ እናቴ የሠራችውን እንስራ ገዝተው ውሃ ይቀዱበታል። እናቴ የጠጣችበትን ዋንጫ ግን "ቡዳ ናት" ብለው ይሰብሩታል። እኔም በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ይህን ስም ተሸክሜ ጎንደር ከአንድ የጤና ትምህርት ቤት ገባሁ።

ከአልጋዬ አጠገብ የምትተኛው ባንቺአምላክ ከወረታ ብዙ የማይርቀው የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ልጅ ነበረች። በዚያ ዓመት ከሴቶቹ አንዷ ውጭ አገር ሄዳ ሐኪም እንድትሆን የስኮላርሺፕ ፈተና ወጣ። ሁለታችንም ተመዘገብን። ሐኪም ከሆንሁ እናቴን ማንም ቡዳ አይላትም ብዬ አስብ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ባንቺአምላክ የአጥንቶቹን ስም እንደ ዳዊት በዜማ ትሸመድዳለች። ከመካከል ሲጠይቋት ግን ከመጀመሪያው ካልተነሣች አይመጣላትም። እኔ ክረምት ላይ ወረታ ስመለስ ከእናቴ ጭቃ ወስጄ፣ የመጽሐፉን ሥዕል እያየሁ የእጅ አንጓን ስምንት ትንንሽ አጥንቶች ሠራሁ። እናቴም ከማሰሮዎቿ ጋር ተኮሰችልኝ።

ባንቺአምላክ ይህን ሰምታ፣ ውሃ የተኛበትን ሜዳ እያቋረጠች ልትማር ትመጣ ጀመር። ከቤታችን ውሃ እንኳ አትቀምስም። አጥንቶቹንም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነበር የምትይዛቸው።

"ለምን በጨርቅ ትይዣለሽ?" አልኋት።

"እጄ እንዳይቆሽሽ።"

"የተተኮሰ ሸክላ ያቆሽሻል እንዴ?"

ዓይኗን ጨፍና በነጠላው ላይ እየዳበሰች ዜማዋን ቀጠለች። እናቴ ከደጅ ሆና፣ "ይቺ ልጅ አጥንት ታጠናለች ወይስ ፍትሐት ታደርሳለች?" ስትል ሁለታችንም ሳቅን። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ግን፣ "ተያት ልጄ፣ ጭቃው አይደለም ያስፈራት" አለችኝ። ገብቶኛል። ቢሆንም የማውቀውን ሁሉ አስተማርኋት።

በፈተናው ቀን ፈታኙ ሐኪም እውነተኛ የእጅ አንጓ አጥንቶችን በጨርቅ ከረጢት ቋጥሮ አቀረበ። "ሳትፈቱ፣ ከላይ ዳብሳችሁ ንገሩኝ" አለ። እኔ በዓይኔና በባዶ እጄ ነበር የማውቃቸው። ከስምንቱ ሦስቱን ሳትሁ። ባንቺአምላክ ክረምቱን ሙሉ በጨርቅ ላይ ስትዳብስ ከርማለችና አንዱንም አልሳተች። እኛን የተጸየፈችበት ነጠላ አሳለፋት።

ሐኪሙ ተደንቆ፣ "ማን አስተማረሽ?" አላት።

"ማንም። ብቻዬን ነው ያጠናሁት።"

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዞራ አላየችኝም።

እርሷ ውጭ አገር ሄደች። እኔ ትምህርቱን ትቼ ወረታ ገባሁ፤ አጥንቶቹን በድንጋይ ቀጠቀጥኋቸው። እናቴ፣ "የገዛ እጅሽ ሥራ ምን በደለሽ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር፤ የበላሁት አይረጋልኝም። ዓመታት እንዲህ አለፉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርምሮ መርምሮ፣ "እኔ በሽታ አላገኘሁብሽም። የምትብሰለሰዪበት ነገር አለሽ?" አለኝ። የለም ብዬ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ሐሙሲት ከተማ ጥቂት አማኞች በአንድ ሸማኔ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ወሰደችኝ። ብዙ ሳምንት ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ፤ ጌታንም ተቀበልሁ። በጌታ እራት ቀን አንድ ጽዋ ለሁላችን ዞረ። ከእኔ ቀጥላ የተቀመጠችው የገበሬ ሚስት ነበረች፤ የማን ልጅ እንደሆንሁም ታውቃለች። ጠጥቼ ሰጠኋት። ትጠርገዋለች ብዬ እጇን እጇን አየሁ። አልጠረገችም። አፌ በነካበት በኩል ጠጣች። ወገኖቼ፣ እኔ የጠጣሁበት አልተሰበረም! ሃሌ ሉያ! በሰው ፊት ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሆዴም ሕመም ቀስ በቀስ ተወኝ። ስሙ ይመስገን!

እውነቱን ልንገራችሁ። ባንቺአምላክ ተመልሳ ትልቅ ሐኪም ሆነች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ አልመጣችም። እናቴም ቡዳ እንደተባለች ሞተች። ምሬቱ ሁሉ ወጥቶልኛል ብል እዋሻለሁ። ግን በጸሎቴ ስሟን እጠራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነው። ጌታም እንደዚያ ሆኜ ስጸልይ ይሰማኛል። ተመስገን!

ይቅር ማለት ያቃታችሁ ካላችሁ፣ ልባችን እስኪጠራ ብላችሁ አትቆዩ። እንዳላችሁ ኑና ታመኑት። እርሱ እኛ የጠጣንበትን አይሰብርም።