ያልተከተበው ውሻ

ይርሳው የጭላሎ ተራራን ሣር ሲጠብቅ ነው ያረጀው። የፓርኩ ስካውት፣ ማለት ጠባቂ ነው። ከአሰላ ተማሪዎች ሲመጡ አንድ ጥቁር ድንጋይ ያነሳና፣ «ይህን እንዳትንቁት፤ ተራራው እሳት በሚተፋበት ዘመን እንደ ገንፎ ሲንተከተክ የነበረ ነው» ይላቸዋል። ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው ከግርጌው ሲሰፍሩ ጓሳው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ሣር፣ ደጃፋቸው ድረስ ይወርድ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ገብሱ እየገፋው ሽቅብ እንደሸሸ ይነግራቸዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ይወስዳቸዋል። አንዲቱን እናት ቀበሮ «እሜቴ» ብሎ ነው የሚጠራት። ሚስቱ ሸዋዬ፣ «እኔን እንኳ እንዲህ አቆላምጠህ ጠርተኸኝ አታውቅ» እያለች ትቀልድበታለች።

ቀበሮዎቹን የሚፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ይርሳው በየዓመቱ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ውሻ ያስከትባል። ዘንድሮ ክርስትና አባቱ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ውሻቸውን ጓዳ ቆልፈውበት ብቻቸውን ወጡ።

«መርፌ የቀመሰ ውሻ ይደነዝዛል፣ ልጄ። በጎቼን ከጅብ አንተ ልትጠብቅልኝ ነው?» አሉት ቀስ ብለው።

«ኧረ አባባ፣ በሽታው እኮ...»

«እኔን ነው የምታስተምረው?»

ይርሳው ክርስትና ያነሱትን ሰው በባዕድ ፊት ማሳፈር አልሆነለትም። መንገዱ ላይ ወደሚጠብቀው ሐኪም ተመልሶ፣ «እዚህ ቤት ውሻ የለም» አለው። አይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት አፈረሰ!

ጥቅምት ላይ ውሻው አበደ። ሰው ሳይነክስ ሽቅብ ወደ ሣሩ ሮጠ። ጎረቤት ተከታትሎ ገደለው፤ ግን ከዚያ በፊት ከቀበሮዎቹ ጋር ተናክሶ ነበር። ሳምንታት ቆይቶ ቀበሮዎቹ እየተንገዳገዱ ይወድቁ ጀመር። አንድ ጠዋት ይርሳው እሜቴን ከጉድጓዷ አፍ ላይ ሞታ አገኛት። ውስጥ ቡችሎቿ ይጮኻሉ።

ለፓርኩ የቀበሮ ባለሙያዎች ስልክ ደወለ። «እንዳትነካቸው!» አሉት ባለሙያዎቹ። «የእናታቸው ልጋግ ነክቷቸው ይሆናል። እስክንደርስ ራቅ በል።»

ሳይደርሱ ዋሉ፤ ሳይደርሱ አደሩ። ሸዋዬ በኮዳ የላከችለት ወተት ሳይከፈት አጠገቡ ተቀምጧል። ጓሳው ላይ ተኮራምቶ ጩኸታቸውን አዳመጠ፤ ትልቅ ሰው ነኝ ሳይል ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ቀጠነ፤ ከዚያ ቆመ።

ሲወርድ ክርስትና አባቱ አጥራቸው ሥር ቆመው ይጠብቁታል። ውሻው ካበደ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏቸው ከስተዋል።

«ቡችሎቹስ?» አሉት። «እነሱ እንኳ ተረፉልኝ?»

ይርሳው ፊታቸውን አየና እውነቱን መናገር አቃተው።

«ተርፈዋል፣ አባባ።»

«ተመስገን!» ሽማግሌው አማተቡ፤ እንባቸው ወረደ። «ከጥምቀት በኋላ በበቅሎም ቢሆን እወጣለሁ። በዓይኔ ታሳየኛለህ።»

«እሺ» አላቸው።